ወንበሩ ለለቅሶ ሲወጣ፦ ጎንደር ውስጥ አንድ እድር የከፈተው የልጆች መዋያ

መነሻው፦ ሁለት ብረት ድስት

በ2016 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ከእድራችን ዕቃ ቤት ሁለት ትልልቅ ብረት ድስቶች ጠፉ። ሰፈሩ ከቀሃ ወንዝ ብዙም አይርቅም፤ ከዚህ በላይ አልናገርም። የሰዎቹንም ስም አላነሳም። ድስቶቹ በሦስተኛው ቀን ቆራሌው ጋ ተገኙ። የሸጡለት ሦስት ወንዶች ልጆች ናቸው። ሁለቱ 13 ዓመታቸው ነው፤ አንዱ 15። ሦስቱም ተማሪዎች፣ ሦስቱም የእድሩ አባላት ልጆች።

ሽማግሌዎቹ ተሰበሰቡ። ግማሹ ፖሊስ ይጠራ አለ። ግማሹ ወላጅ ይክፈል አለ። ነገሩ ሲከርር ጥግ ላይ ቡና ያፈሉ የነበሩ አንዲት እናት ጣልቃ ገቡ። «ድስቱስ ተገኘ። እኔ የምለው፣ እነዚህ ልጆች ከትምህርት ሲወጡ የት ነው የሚውሉት?»

መልስ የሰጠ ሰው አልነበረም። ሁላችንም ዝም አልን። ቡናው ተቀዳ።

ይህ ጽሑፍ ያ ጥያቄ ያመጣውን የአንድ ዓመት ሥራ ይዘግባል። እኔ መምህር አይደለሁም። ቀን ቀን ሒሳብ እሠራለሁ፤ እድሩ ውስጥ ደግሞ ጸሐፊ ነኝ። ስለዚህ የልጆቹን መዝገብ መያዝ እኔ ላይ ወደቀ። መዝገብ መያዝማ እችልበታለሁ ብዬ ነበር። ወደ ታች እንደምታዩት የተሸወድኩት እዚያው ላይ ነው።

ሰፈሩና ሰዓቱ

«ከትምህርት በኋላ» ሲባል ብዙ ሰው አመሻሹን ያስባል። የእኛ ልጆች ግን የሚማሩት በፈረቃ ነው። የጠዋቱ ከ2 ሰዓት ገብቶ 6 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ይወጣል። የከሰዓቱ እሱ ሲወጣ ገብቶ እስከ 11 ሰዓት ይማራል። ፈረቃው በየወሩ ይቀያየራል። አንድ ልጅ በዚህ ወር ጠዋቱ ባዶ ነው፤ በሚቀጥለው ወር ከሰዓቱ። ግማሽ ቀን ሙሉ፣ በየቀኑ።

ወላጆቹ ደግሞ በዚያ ሰዓት ቤት የሉም። ጉልት የሚቸረችሩ አሉ፣ እንጀራ የሚጋግሩ አሉ፣ ባጃጅ የሚነዱ፣ ጥበቃ የሚሠሩ፣ የቀን ሥራ ፍለጋ የሚወጡ አሉ። የእነዚህ ልጆች ታላላቆች ፋሲል ግቢ በር ላይ ቱሪስት እየጠበቁ ነው ያደጉት። አንዳንዶቹ እንግሊዝኛን የለመዱት እዚያ ነው። ከኮሮናና ከሰሜኑ ጦርነት ወዲህ ያ በር ጭር አለ። ሐምሌ 2015 መጨረሻ ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ በኋላ ደግሞ፣ ገጠር ያለው ትምህርት ቤታቸው የተዘጋባቸው ልጆች ከተማ ዘመድ ጋ እየመጡ ተጠጉ። በእኛ ሰፈር ብቻ እንዲህ ያሉ ስድስት ልጆች ነበሩ።

ከመጀመራችን በፊት ቆጠራ አደረግን። ሐሳቡ የጡረታ መምህሩ ነው፤ ሰፈሩ ጋሼ ይላቸዋል፣ እኔም እንደዚያው እላለሁ። በጥቅምት 2017 መጀመሪያ፣ ለአንድ ሳምንት፣ በ4 ሰዓት፣ በ8 ሰዓትና በ10 ሰዓት ደብተር ይዘን ሰፈሩን ዞርን። ማን የት አለ? ማንንም ሳንቆጣ፣ ማንንም ሳንጠይቅ፣ ያየነውን ብቻ ጻፍን።

ወንዶቹን ፕሌይስቴሽን ቤት በር ላይ አገኘናቸው። ብዙዎቹ አይጫወቱም፤ የሚከፍሉት የላቸውማ። የሚጫወተውን ቆመው ያያሉ። ሌሎቹ ባጃጅ ፌርማታ ላይ፣ ሊስትሮ ሳጥን ላይ፣ ወንዝ ዳር ናቸው። ሴቶቹን ውጭ አላገኘናቸውም ማለት ይቻላል። ያየናቸው ቦኖ ውሃ ላይ፣ ጀሪካን ሰልፍ ውስጥ ነው። የጎንደርን ውሃ ችግር ለጎንደር ሰው አልነግርም። ቀሪዎቹ ቤት ውስጥ ሕፃን ይዘዋል።

ይህን ያየን ጊዜ ልብ ማለት ነበረብን። የወንዶቹ ችግር ትርፍ ሰዓት ነው። የሴቶቹ ችግር ሰዓት ማጣት ነው። እኛ ግን የከፈትነው ትርፍ ሰዓት ላለው ልጅ ብቻ የሚሆን ነገር ነበር።

የመጀመሪያው ወር፦ ሌላ ትምህርት ቤት

ጥቅምት አጋማሽ ላይ የእድሩን አዳራሽ ከፈትን። ቆርቆሮ ክዳን፣ ሲሚንቶ ወለል፣ 22 አግዳሚ ወንበር። 41 ልጆች ተመዘገቡ፤ 33ቱ ወንዶች፣ 8ቱ ሴቶች። ከ4ኛ እስከ 8ኛ ክፍል ናቸው። ሰዓቱ ከ9 እስከ 11።

ወላጅ ሁሉ የፈለገው ቱቶሪያል ነው። አይፈረድባቸውም። በ2014 ዓ.ም. በአገሪቱ 12ኛ ክፍል ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በ2015 ደግሞ 3.2፣ በ2016 5.4። እነዚህ ቁጥሮች በየቤቱ ገብተዋል። ቁጥሩን ያላወቀ እንኳ የጎረቤቱን ልጅ ያውቃል። ስለዚህ ሒሳብና እንግሊዝኛ እናስተምር ተባለ። በክፍል በክፍል ተከፋፈሉ። ከአንድ ኮሌጅ ሰባት በጎ ፈቃደኞች መጡ። አንድ ደግ ሰው አርባ ቲሸርት አሳትሞ ሰጠን።

ቲሸርቱ አንድ ሳምንት አስደሰተ። ከዚያ ልኩ ያልደረሳቸው ልጆች አኩርፈው ቀሩ። ስለ ቲሸርት ከዚህ በላይ የምለው የለም።

ኅዳር ሲጋመስ 41 የነበሩት 17 ሆኑ። ምክንያቶቹን አሁን ላይ ሆኜ ስናገር ቀላል ይመስላል። ፈረቃው ሲቀየር የከሰዓቱ ልጆች በ9 ሰዓት ክፍል ውስጥ ናቸው፤ እኛ ዘንድ ሊመጡ አይችሉም። ይህን ያላሰበ ኮሚቴ እኛ ነን። የኮሌጅ ልጆቹ የራሳቸው ፈተና ሲደርስ አንድ በአንድ ጠፉ፤ እነሱንም አልወቅስም። የቀሩት ልጆች ደግሞ ጠዋት ያዩትን ጥቁር ሰሌዳ ከሰዓትም ያዩታል። አንዱ የ6ኛ ክፍል ልጅ ለምን እንደቀረ ሲጠየቅ «ትምህርት ቤትማ አለኝ» አለ። ከሁሉም የተሻለው ግምገማ ይሄ ነበር።

ስድስት ቀይ «ቀ»

ድስቱን ከሸጡት ሦስቱ ልጆች ትልቁ፣ የ15 ዓመቱ፣ መጀመሪያ ላይ ከሁሉም ቀድሞ ይመጣ ነበር። ወንበር ያወጣል፣ ይጠርጋል። ያፈረ ልጅ ነው፤ የሚክስ ይመስል ነበር።

ኅዳር መጀመሪያ ላይ እናቱ አዳራሹ በር ላይ መጡ። ነጠላቸውን አጣፍተዋል። «ልጄ እዚህ አይደለም እንዴ?» አሉ። እዚህ አልነበረም። መዝገቤን ገለጥኩ። ስሙ ትይዩ በቀይ እስክሪብቶ ስድስት «ቀ» ተደርድሯል። ቀሪ፣ ቀሪ፣ ቀሪ። በእኔ እጅ ጽሕፈት፣ ቆንጆ ሆኖ ተጽፏል። ስድስቱንም ቀን እኔ ጽፌ እኔው ዘግቼ ሄጃለሁ።

እሳቸው እኛ ጋ ነው ብለዋል። እኛ ደግሞ ቤቱ ነው ብለናል። ልጁ ሰሊጥ አጨዳ መተማ ሄዶ ነበር። ከሁለት ትልልቅ ልጆች ጋር፣ በጭነት መኪና። ይህን ያወቅነው ከሳምንት በኋላ ስልክ ሲደውል ነው። ያን ዓመት ትምህርት ቤት አልተመለሰም።

ያን ቀን ማታ አራት ሰዎች ቁጭ ብለን የተነጋገርነው ስለ ሒሳብ ትምህርት አልነበረም። ጋሼ አንድ ነገር ብቻ አሉ፦ «መዝገቡ የሚጠይቅ ሰው ይፈልጋል።» በማግስቱ ደብተሩ ላይ አዲስ ዓምድ አሰመርኩ። ስም፣ ቀን፣ መጣ ወይም ቀረ፣ አራተኛው ደግሞ «ማን ሄዶ ጠየቀ?»። ደንቡ ሁለት ቀን ሆነ። አንድ ልጅ ሁለት ቀን ከቀረ፣ በዚያው ቀን 11 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ አንድ ሰው ቤቱ ይሄዳል። ከዚያ በላይ አናመሽም፤ ጊዜው አይፈቅድም።

ሰውዋ የ10ኛ ክፍል ተማሪ ሆነች። ከኮሚቴው ማንም አልመረጣትም፤ ራሷ «እኔ እሄዳለሁ» አለች። እኛ ትልልቆቹ ስንሄድ ቤቱ ሰው ይደነግጣል። ልጁ ምን አጠፋ ይባላል። እሷ ስትሄድ ግን በር ላይ ቆማ «ዛሬ ለምን አልመጣህም?» ትላለች፣ አለቀ። ቤቱ ሰው ቡና ጠጪ ይላታል።

የምታመጣው መልስ እኛ ካሰብነው ጋር የሚገናኝ አልነበረም። ልጅ ሰነፍ ስለሆነ ቀረ የሚል መልስ አንድም ቀን አላመጣችም። አንዱ ጫማው ተቀዶ አፍሮ ነው። አንዷ እናቷ ታማ ነው። ሁለት ወንድማማቾች አንድ ዩኒፎርም ሱሪ በፈረቃ ይለብሳሉ፤ ሁለቱ በአንድ ሰዓት ከቤት መውጣት አይችሉም። አንዱ የሊስትሮ ሳጥኑን ትቶ ቢመጣ የቤቱ ራት ይጎድላል። ከእሱ ጋር በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ እንዲመጣ ተስማማን። እናቱ «ይሄማ ይሆናል» አሉ። ከዚያ በኋላ ሦስቱን ቀን አልቀረም።

ጀሪካንና ሕፃን

የሴቶቹን ቁጥር ያሳደገው አንድ የዘበኛ ውሳኔ ነው። የእድሩ ዘበኛ አዳራሹ በር ላይ ነው የሚውሉት፤ ቦኖው ከዚያ ሠላሳ እርምጃ ቢሆን ነው። ልጆቹ ጀሪካናቸውን ሰልፍ ውስጥ አስቀምጠው እንዲገቡ፣ እሳቸው ተራውን እንዲጠብቁ ተስማሙ። ተራ ሲደርስ በሩ ላይ ቆመው «ቢጫው ባለ ገመድ!» ይላሉ። ባለቤቷ ብድግ ትላለች፣ ቀድታ ትመለሳለች። ትምህርቱ ይቋረጣል፣ እውነት ነው። ግን ልጅቷ አለች።

ሕፃን የያዙት ደግሞ ሕፃኑን ይዘው ይምጡ ተባለ። ጋሼ መጀመሪያ አልወደዱትም። ግርግሩን አስቡት። አንድ ጥግ ላይ ጅባ ተነጠፈ፤ ሁለት እናቶች በተራ ይቀመጡ ጀመር። በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት የሴቶቹ ቁጥር ከ8 ወደ 21 ደርሷል።

ሰዓቱንም ለሁለት ከፈልነው፤ ከ3 እስከ 5 ለከሰዓት ፈረቃ፣ ከ9 እስከ 11 ለጠዋት ፈረቃ። ትምህርት ቤቱ ሲቀይር እኛም በዚያው ሰኞ እንቀያይራለን። ይህ ማለት ሰው እጥፍ ያስፈልጋል ማለት ነው። የኮሌጅ ልጆቹን የተኩት የሰፈሩ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ናቸው። ክፍያ የለም። በምትኩ ጋሼ ቅዳሜ ጠዋት ለእነሱ ብቻ ሒሳብ ያስጠኗቸዋል። ይህች ልውውጥ ዓመቱን ሙሉ አልተሰበረችም።

ገጹን በቃሉ ያወቀው ልጅ

ከገጠር ከመጡት ስድስቱ አንዱ 13 ዓመቱ ነው፣ 5ኛ ክፍል። ጋሼ የአማርኛ መጽሐፉን ገልጠው አንብብ አሉት። ልጁ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ ሳይደናቀፍ፣ ነጠላ ሰረዙ ላይ ሳይቀር እያረፈ ገጹን ወጣው። እኔ ጎበዝ ልል ነበር። ጋሼ ግን ዓይናቸው ጣቱ ላይ ነው። ጣቱ ሁለተኛው መስመር ላይ ቆሟል፤ አፉ ስምንተኛው መስመር ደርሷል።

መጽሐፉን ከደኑት። ከኪሳቸው የመድኃኒት ካርቶን አወጡ፤ በላዩ ላይ በአማርኛ «ሕፃናት በማይደርሱበት ቦታ ያስቀምጡ» ይላል። «ይቺንስ?» አሉት። ልጁ ካርቶኑን አገላበጠው። «ሕ» አለ። ከዚያ ዝም አለ። አንገቱን ደፋ።

በማግስቱ ሁሉንም ልጆች አንድ በአንድ፣ ውጭ ዛፍ ሥር፣ ሌላው ሳይሰማ አስነበብናቸው። ፊደል፣ ቃል፣ አንቀጽ፣ አንድ ሙሉ ታሪክ። ከ4ኛ እስከ 6ኛ ክፍል ካሉት 24 ልጆች አንድ አንቀጽ አጥርተው ያነበቡት 10 ናቸው። እኛ ለእነዚህ ልጆች የእንግሊዝኛ ሰዋስው እያስተማርን ነበር።

ከዚያ ወዲህ የክፍል ድልድሉ ቀረ። ልጁ የሚቀመጠው በሚያነበው ልክ ነው። የ13 ዓመቱ ከ10 ዓመቷ ጋር ሊቀመጥ ይችላል። ያፍራሉ ብለን ፈርተን ነበር። ጋሼ ግን ሳቁብን፦ «ይሄማ የየኔታ ቤት ነው። ፊደል የያዘ ፊደል፣ አቡጊዳ የደረሰ አቡጊዳ፣ ዳዊት የደረሰ ዳዊት። ዕድሜህ ስንት ነው የሚል የኔታ አይተህ ታውቃለህ?» ሁለት መቶ ሠላሳ አንዱን ፊደል እሳቸው የቆጠሩት በዚያው መንገድ ነው፤ የላይኛው ለታችኛው እያስቀጸለ። በኋላ ሳነብ ሕንድ ውስጥ ፕራትሃም የተባለ ድርጅት ልጆችን በክፍል ሳይሆን በደረጃቸው መድቦ ማስተማሩ በዓለም የታወቀለት ሥራው መሆኑን አየሁ። ለጋሼ ነገርኳቸው። ብዙም አልገረማቸውም።

ልጁ እስከ ሰኔ ድረስ አንድ ገጽ ታሪክ ማንበብ ጀመረ። ቀስ ብሎ፣ ጣቱን እያስከተለ። ከቀድሞው በጣም ይዘገያል። አጎቱ «ድሮ የተሻለ ያነብ ነበር» ብለው ቅር ተሰኝተው መጥተው ነበር። ማስረዳቱ ግማሽ ሰዓት ፈጀብን።

ወንበሩ ለለቅሶ ሲወጣ

ያላሰብነው ሌላ ነገር እድሩ እድር መሆኑን ነው። ሰው ሲሞት ድንኳኑም ወንበሩም ይወጣል። እስከ ሠልስቱ አይመለስም። ታኅሣሥ ላይ አንድ ሐሙስ ልጆቹ ሲመጡ አዳራሹ ባዶ ነው። 22ቱም ወንበር ሄዷል። እንመልሳቸው ወይስ እናቆያቸው ስንባባል፣ ከ12ኛ ክፍሎቹ አንዱ በረንዳው ላይ ቁጭ አለና «እንቆቅልሽ!» አለ።

«ምን አውቅልህ!» አሉ በአንድ ድምፅ።

«ስሄድ አገኘኋት፣ ስመለስ አጣኋት።»

መንገድ ያለ አለ፣ ጥላ ያለ አለ። ከተሜ ልጆች ናቸው፣ አልመጣላቸውም። ጠያቂው «አገር ስጡኝ» አለ። «አዘዞን ሰጠንህ!» አዘዞ አልበቃውም። «ደባርቅን!» አልበቃውም። «እሺ ጎንደርን!» ሲል አንዱ፣ ሌሎቹ ጮኹበት፤ ጎንደርንማ አንሰጥም። በዚህ መሃል ከኋላ ቀጭን ድምፅ «ጤዛ» አለ። ከገጠር የመጣች ልጅ ናት። ከእኛ ጋር አምስት ሳምንት ስትቆይ ያን ቀን ድምጿን ገና ሰማን። የጠዋት ጤዛ ምን እንደሆነ ከዚያ ሁሉ ልጅ በእግሯ የምታውቀው እሷ ነበረች።

ከዚያ በኋላ ሐሙስ የእንቆቅልሽና የተረት፣ የገበጣና የጨርቅ ኳስ ቀን ሆነ፤ ወንበር ኖረም አልኖረም። ጥቂት ወላጆች «ለጨዋታማ መንገዱ ይበቃቸዋል» ብለው ቅሬታ አቀረቡ። እኔም ልቤ ከእነሱ ጋር ነበር፣ አልዋሽም። መዝገቡ ግን ሌላ ነው የሚለው። ከሳምንቱ ቀናት ሁሉ ጥቂት «ቀ» ያለው ሐሙስ ነው። ከዚያ በላይ ደግሞ ሐሙስ የመጣ ልጅ ዓርብም ይመጣል።

የጾም ወር

መክሰስ መስጠት እንዳለብን መጀመሪያውኑ ተስማምተናል። የተራበ ልጅ አያነብም። የመጀመሪያው ሳምንት ብስኩት ገዛን። ረቡዕ ዕለት ግማሾቹ መለሱልን፤ ካርቶኑን አንብበው ወተት አለበት አሉ። ለአንባቢነታቸው አንድ ነጥብ ይያዝልን። ከዚያ ወዲህ እናቶች በተራ ቆሎ ወይም ንፍሮ ያመጣሉ፤ የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ልጅ ይበላዋል፣ ዋጋውም ይቀላል።

በ2017 ደግሞ ዓቢይ ጾምና ረመዳን ተደራረቡ። ዓቢይ ጾም የካቲት 17 ገባ፤ ረመዳን በዚያው ሳምንት ተከተለ። ትልልቆቹ ልጆች እስከ 9 ሰዓት የሚጾሙ አሉ፤ እስከ ማታ የሚጾሙ አሉ። አንዱ እየበላ ሌላው የሚያይበትን ነገር አልወደድነውም። ቆሎውን በወረቀት ጠቅልለን ሲወጡ በየእጃቸው ሰጠናቸው። ማን መቼ እንደሚበላ የእኛ ጉዳይ አይደለም። ይህ ጥቅልል ከፋሲካም ከዒድም በኋላ ሳይቀር ቀጠለ፤ ምክንያቱም ብዙዎቹ ለታናናሾቻቸው ይዘው እንደሚሄዱ ያወቅነው ያኔ ነው።

የጥምቀት ሳምንት ማንም አልመጣም። እኛም አልሄድን።

ምን ተገኘ፣ ምን አልተገኘም

ሰኔ 2017 ላይ 52 ልጆች ተመዝግበው ነበር፤ 44ቱ በሳምንት ቢያንስ ሦስት ቀን ይመጣሉ። በዓመቱ ውስጥ ከተመዘገቡት ሁሉ ትምህርት ያቋረጡት ሁለት ናቸው። አንዱ የመተማው ልጅ ነው። ሌላዋ ወደ ዘመድ ተልካ ሄደች፤ ደርሰን አላዳንናትም። በንባብ ከለካናቸው 24 ልጆች አንቀጽ የሚያነቡት ከ10 ወደ 19 ከፍ ብለዋል። ሚኒስትሪ ከተፈተኑት 9 ልጆች 6ቱ አልፈዋል። ይህን የመጨረሻውን እንደ እኛ ሥራ አልቆጥረውም፤ ጎበዞቹ ቀድሞም ጎበዞች ነበሩ። ሒሳብ ላይ ዓመቱን ሙሉ ለፍተን ለውጥ አላየንም ማለት ይቻላል። አንድ ጡረተኛ ለ50 ልጅ አይበቃም።

ፕሌይስቴሽን ቤቱም እዚያው አለ። መጀመሪያ ላይ ሽማግሌዎች ሄደው ባለቤቱን አስፈራርተውት ነበር። መጋረጃ ሰቀለ እንጂ አልዘጋም። ኋላ እኔ ሄጄ ሳናግረው «እኔ ልጅ አልሰርቅም፤ መቀመጫ ስለሌላቸው ነው የሚመጡት» አለኝ። ተናድጄ ወጣሁ። ቤቴ ስደርስ ግን ልክ መሰለኝ። አሁንም እዚያ ከሚውሉት ሁለት ልጆች በስተቀር በሩ ላይ ቆሞ የሚያይ የእኛ ልጅ የለም።

ከድስቱ ልጆች የቀሩት ሁለቱ አልፎ አልፎ ይጣላሉ፣ አልፎ አልፎ ይረዳሉ። አንዱ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ ይይዛል። ይህን ያደረጉት ዘበኛው ናቸው፣ ማንንም ሳያማክሩ። ኮሚቴው ሲሰማ ግማሹ ጮኸ። ቁልፉ ግን እስካሁን ልጁ ጋ ነው።

ለሌላ ሰፈር የሚሆን

ሌላ እድር፣ ሌላ ማኅበር፣ ሌላ ቀበሌ ይህን ልጀምር ቢል፣ ከሁሉም በፊት ለአንድ ሳምንት ደብተር ይዞ ሰፈሩን ይዙር እላለሁ። ገንዘብ አይፈልግም። እኛ ባየነው ላይ ተመሥርተን ብንጀምር ኖሮ ኅዳርን አናባክንም ነበር። የፈረቃውን ሰሌዳ ከትምህርት ቤቱ ይውሰድና ግድግዳው ላይ ይለጥፍ።

ቱቶሪያል ብቻ የሚል ወላጅ ይመጣል። አይከራከር፤ ንባቡን ይለካና ወላጁን ጠርቶ ያሳይ። እኛ ጋ ሐሳብ ያስቀየረው ያ ነው። በአሜሪካ በርካታ መሰል ፕሮግራሞችን አሰባስቦ የመረመረ በ2010 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። ቦታው ስለተከፈተ ብቻ ልጅ እንደማይጠቀም ይናገራል። ጥቅም የታየው ደረጃ በደረጃ በሚያስተምሩት፣ ልጁን በሚያሳትፉት፣ ለዚያም በቂ ጊዜ በሚሰጡት፣ ምን ሊያስጨብጡ እንደሚፈልጉ ለይተው በሚያውቁት ውስጥ ነው። የእኛ የጥቅምት ወር ከእነዚህ አንዱንም አላሟላም ነበር።

ገንዘብ ካለ ለቲሸርት አይውል። ለቆሎ፣ ለጠመኔ፣ ለጫማ ይዋል። ዓመቱን ሙሉ ለ11 ልጆች ጫማ ገዝተናል፤ ዝርዝሩን የምናውቀው ልጅቷ በር ላይ ቆማ ስለጠየቀች ነው። ይህ የጠያቂ ሥራ በበጎ ፈቃድ ብቻ ይቆያል ብዬ አላምንም። ልጅቷ አሁን 11ኛ ክፍል ናት፤ የራሷ ፈተና እየመጣ ነው። በዚህ ዓመት ሁለት የ9ኛ ክፍል ልጆችን አብረዋት እንዲዞሩ አድርገናል። እድሩ ለስልክ ካርድ በወር ትንሽ ገንዘብ መድቧል። ትንሽ ነው፣ ግን ከሒሳብ መዝገቡ ላይ አለ፤ እኔ ነኝ የጻፍኩት።

የመተማው ልጅ መስከረም 2018 ላይ ተመለሰ። ከዕድሜው በላይ ጠቁሯል። አንድ ቀን መጥቶ በረንዳው ላይ ቆመ፣ ገባ ብንለው አልገባም። በማግስቱ «ቀ» ልጽፍበት ስም አልነበረውም፤ አልተመዘገበማ። ልጅቷን ላክናት። አሁን በማታው ክፍል ይማራል፤ ከሰዓት እኛ ጋ ወንበር ያወጣል።

ወንበርን በተመለከተ፣ የእድሩ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ ለልጆቹ ብቻ የሚሆን አሥር አግዳሚ ይገዛ የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። ብዙ ተከራክረን ስድስት ጸደቀ። ስድስቱም ጎናቸው ላይ በሰማያዊ ቀለም ተጽፎባቸዋል፦ «ለለቅሶ አይወጣም»።